ተራራው በገና ይታይ ነበር

እትዬ ትርንጎ በመጋቢት ሞቱ። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ «ዕድሜ ነው» ይል ነበር። ሌላው «አስም ነበረባቸው እኮ» አለ። አንዱ ደግሞ «ቀናቸው ደረሰ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የባሌን ጥቁር ገና ሳላወልቅ ጥግ ላይ ተቀምጬ ይህን ሁሉ ስሰማ ቆየሁና፣ «ዕድሜ አይደለም፤ ጢስ ነው» አልሁ። አንዲት ጎረቤቴ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ተይ እንጂ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ» አለችኝ።

ሐዘኑ አልነበረም። የታዘብሁትን ነው የተናገርሁ። በድንኳኑ ውስጥ ያልጨረስሁትን እዚህ እጨርሰዋለሁ።

እትዬ ትርንጎ በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለችው ከተማችን፣ ሸሕዲ ላይ፣ ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሴት ናቸው። እኔንም አስተምረዋል፣ ልጆቼንም አስተምረዋል። ከደጋው ከዳባት ነው የመጡት፣ ገና በወጣትነታቸው። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን የትራክተር ጩኸት አቋርጦ ይሰማል። ሲቆጡ የነጠላቸውን ጫፍ በአመልካች ጣታቸው ላይ ይጠቀልላሉ፤ ሲስቁ ይፈቱታል። ባል አላገቡም። ለምን እንዳላገቡ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋምና፣ «ቆላ ወርጄ ወባን አገባሁ፤ ወባን ፈትቼ አስምን አገባሁ። ሦስተኛውን ባል የት ላኖረው?» ይሉት ነበር።

ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ ተማሪው ወደ ክፍል ሳይገባ፣ ፊታችንን ወደ ምሥራቅ ያዞሩን ነበር። በዚያ በኩል መጀመሪያ የትምህርት ቤቱ የብረት በር አለ። ከበሩ ወዲያ፣ ከሰሊጥ መጋዘኖቹ ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ከታንከሩ ወዲያ ሜዳው ይሄድ ይሄድና በሩቁ ሰማያዊ ተራራ ይቆማል።

«ዛሬ የምን ቀን ነው?» ይላሉ።

ተራራው ከታየ «የተራራ ቀን!» ብለን እንጮሃለን። ተራራው ጠፍቶ ታንከሩ ብቻ ከታየ «የታንከር ቀን!» ነው። ታንከሩም በጭጋጉ ተውጦ ከበሩ ወዲያ ምንም ካልታየ ግን ድምፃችን ዝቅ ይላል፤ «የበር ቀን» እንላለን። በበር ቀን ሩጫ የለም። ክፍል ውሃ ሳይረጭ አይጠረግም። የሚያስለው ልጅ ውጭ አይቆምም። ይህ አጠራር ከጊዜ በኋላ ከትምህርት ቤቱ አጥር አልፎ ወጣ። የባጃጅ ነጂዎች «ዛሬ የበር ቀን ነው፣ መብራት አብራ» ሲባባሉ ትሰማላችሁ፤ አብዛኞቹ ቃሉን ያወጣውን ሰው አያውቁም።

ለማያውቀው አገራችንን ልናገር። ሰሊጥና ማሽላው ከተሰበሰበ ጀምሮ ዝናብ እስኪቃረብ ድረስ በማሳው ላይ የቀረው አገዳ ይቃጠላል። ከብት አርቢው አዲስ ሣር እንዲያበቅልለት አሮጌውን ሣር ይለኩሳል። አዲስ እርሻ የሚያወጣው ዛፉን ቆርጦ ከምሮ ያነዳል። ከሰል የሚያከስለውም አለ። በዚያ ላይ ከበረሃው በኩል ነፋስ ይነሣና አቧራውን ይዞ ይመጣል፤ ማዶ ያሉት «ሀቡብ» የሚሉት ነው። ዛፉ በተመነጠረበት ሁሉ አቧራውን የሚይዘው የለም። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይሆንና ከላያችን ይተኛል። ፀሐይዋ ቀትር ላይ እንኳ እንደ ጨረቃ በባዶ ዓይን ትታያለች። ዝናብ ካልመጣ አይነሣም።

እኛ ይህን እንደ ወቅት ነበር የምናየው። ብርድ እንዳለ፣ ሙቀት እንዳለ፣ ጢስ አለ። እትዬ ትርንጎ ግን በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ነገሩን ገለጡት። ስለ ልጆቹ ሳል ሊናገሩ ተነሥተው፣ ወረቀት ሳይዙ፣ እንዲህ አሉ፦

«ልጅ ሳላችሁ ተራራው በገና ይታያችሁ የነበራችሁ፣ እስቲ ተነሡ።»

ጠና ጠና ያልነው ተነሣን። በገና ዕለት ኳስ ስንጫወት ያ ተራራ ከፊታችን እንደነበር ማንኛችንም አልረሳነውም። ልጅ ያዘሉት ወጣት እናቶች ግን ተቀምጠው ቀሩ። እርስ በርስ ተያዩ።

«ከእነዚህ ደግሞ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ይታያችሁ የነበራችሁ ብቻ ቁሙ፤ ሌላው ተቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ብቻ ቆመው ቀሩ። እኛ ተቀመጥን። እትዬ ትርንጎ ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩና ከውጭ የሚያዩትን ተማሪዎች ጠየቁ።

«እናንተስ? ተራራው መቼ ይጠፋባችኋል?»

«ኅዳር ላይ!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ፣ ምንም ሳይደንቃቸው።

«ይኸው ደረጃው» አሉ እትዬ ትርንጎ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ። «አያቶች በጾም አጡት። ወላጆች ከገና በኋላ አጡት። ልጆች በኅዳር አጡት። የእነዚህ ልጆች ልጆች መስከረም ላይ ያጡትና ተራራ የሚባል ነገር እንደነበረ ከእኔ መጽሐፍ ላይ ይማራሉ።»

ባሌ አያልነህ ከጎጃም ለሰሊጥ ቆረጣ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ከመጀመሪያም ሳይነሣ ተቀምጦ ነበርና፣ «እኔስ መቼ ልነሣ፣ እትዬ? እኔ ስመጣ ተራራው ቀድሞኝ ሄዶ ነበር!» አለ። ስብሰባው በሳቅ ፈረሰ።

«አንተ ተቀመጥ» አሉት። «አንተማ ክብሪቱን ይዘህ ነው የመጣኸው።»

የአንድ ትልቅ እርሻ ሥራ አስኪያጅ እጁን አወጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ለስለስ ብሎ፣ «እትዬ፣ ይህ እኮ የዓለም የአየር ለውጥ የሚባለው ነው። እኛ ምን እናደርጋለን?» አላቸው።

«ዓለም ክብሪት የሚገዛው ከየትኛው ሱቅ ነው፣ ልጄ?» አሉት። ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው ቀጠሉ። «የዓለሙም አለበት፣ አልክድህም። ሙቀቱ ሲብስ ሣሩ ቶሎ ይደርቃል። የእኛን እጅ ግን ዓለም አይታጠብልንም።»

ከኋላ አንዱ፣ «ኧረ ጢሱ ከሱዳን ነው የሚመጣ!» ብሎ ጮኸ። ብዙ ሰው «እውነት ነው» አለ። ይህ ለሁላችንም የሚመች መልስ ነበር። እትዬ ትርንጎ ግን የተመቸን መልስ አይተዉልንም። «እንግዲያው ሄጄ እጠይቃለሁ» አሉ።

ሄዱም። ጊዜው ማዶ ጦርነት ከመነሣቱ በፊት ነው። አያልነህ ለትራክተር መለዋወጫ ማዶ ሱዳን ገላባት ሲሻገር እሳቸውም እኔም ተከትለነው በመተማ ድልድይ አለፍን። ሻይ የምታፈላ ሴት ዳስ ሥር ተቀመጥን። አጠገባችን ጀለብያ የለበሱ፣ ሰፊ የማሽላ እርሻ ያላቸው አዛውንት ነበሩ። ድንበር ላይ የኖረ ሰው ሁለቱንም ቋንቋ ይችላልና አማርኛቸው ደህና ነው። እትዬ ትርንጎ ሻዩ ሳይቀርብላቸው ጀመሩ።

«አባቴ፣ በበጋ የሚያፍነን ይህ ጢስ ከየት ነው የሚመጣ?»

አዛውንቱ ሳያመነቱ በድልድዩ ወደ እኛ በኩል ጠቆሙ። «ከእናንተ ነዋ! ሰሊጥ ሲያልቅ ሐበሻ ያጥነናል። እኛ ስሙን እንኳ ‘ዱኻን ሐበሺ’ ነው የምንለው፤ የሐበሻ ጢስ።»

እትዬ ትርንጎ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ ጀርባቸውን መታ መታ አደረግሁ። «እኛም እኮ ‘የሱዳን ጢስ’ ነው የምንለው!»

«ወላሂ?» አሉ አዛውንቱ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሻይ አፍዪዋም ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ አዛውንቶች እንደ ድሮ ባልንጀራ ተቀምጠው ነፋሱን ከወር ወር ተከተሉት። ከኅዳር ጀምሮ ነፋሱ ከደጋው ወደ በረሃው ይወርዳል፤ የእኛን ጢስ እነሱ ይጠጡታል። ዝናቡ ሲቃረብ ይገለበጥና የእነሱ ቃጠሎ ወደ እኛ ይወጣል። ነፋስ በማይኖርባቸው ሳምንታት ደግሞ ሁሉም የራሱን ይጠጣል። እትዬ ትርንጎ በመጨረሻ፣ «እርስዎ ጢሱ ሲብስ ምን ይጠፋብዎታል?» ብለው ጠየቋቸው። አዛውንቱ እኛ አገር እንዳለው ተራራ የላቸውም፤ የመስጊዱ ሚናራ ግን አላቸው። «ልጅ ሳለሁ ከእርሻችን ሆኜ አየው ነበር» አሉ። «አሁን አዛኑን እሰማለሁ፤ ሚናራውን አላየውም።»

ስንመለስ ድልድዩ መካከል ላይ ቆሙና ለአያልነህ፣ «አየህ? እኛም እነሱም አንድ ሰው ነው የምንከስስ፤ ማዶ ያለውን። ይህን ድልድይ ሳይሻገር የሚሞት ሰው ሁሉ ንጹሕ ነኝ ብሎ ይሞታል» አሉት። አያልነህ መለዋወጫውን ትከሻው ላይ አስተካከለና መንገዱን ቀጠለ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ሲታጠን ሌላ ጠብ ተነሣ። በኅዳር ሚካኤል በሽታ እንዲወጣ ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል ከጥንት የመጣ ልማድ ነው። ትምህርት ቤቱም ላስቲኩን፣ ገለባውን፣ አሮጌ ጫማውን ከምሮ ያነድ ነበር። ጠዋቱ ነፋስ የለውም፤ ጢሱ ግቢው ላይ ይተኛል፤ ልጆቹ በሽታ ሊያባርሩ ወጥተው ሲያስሉ ይውላሉ። እትዬ ትርንጎ ተማሪዎቹን ጉድጓድ አስቆፈሩና ቆሻሻውን አስቀበሩት። አባ ጌጡ የሚባሉ የሰፈራችን ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው መጡ።

«ምነው ትርንጎ፣ ከአባቶቻችን ልትበልጪ ነው? ይህ አገር በሽታ ቢገባበት በአንቺ ነው!»

«አባቴ፣ አባቶቻችን ቆሻሻው ይጥፋ አሉ። ጠፋ። ይኸው ከእግርዎ ሥር ነው፣ ቆመውበታል።»

አባ ጌጡ ከቆሙበት ፈቀቅ አሉ። ዓመቱን ሙሉ አላነጋገሯቸውም። ክረምቱ ሲገባ ከጉድጓዱ ውስጥ ተጥሎ የነበረ የዱባ ፍሬ በቀለና አጥሩን ለበሰው። እትዬ ትርንጎ ትልቁን ዱባ አስቆርጠው ለአባ ጌጡ ላኩላቸው፤ «በሽታው ይኸው፤ ቀቅለው ይብሉት» የሚል መልእክት ጭምር። ሽማግሌው ዱባውን በሉት ይባላል። መልስ ግን አልላኩም።

ደረታቸው እየባሰ ሲሄድ አያልነህና እኔ ጎንደር ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በአክብሮት ነው ያነጋገራቸው። የቆላው አየር አይስማማዎትም፣ ወደ ዳባት ወደ ዘመዶችዎ ይመለሱ፣ እዚያ ብዙ ዓመት ይኖራሉ አላቸው። እውነቱን ነው፤ አልበደላቸውም። እትዬ ትርንጎ የሚነፋውን መድኃኒት ተቀብለው አመሰገኑት። መኪና ውስጥ ስንገባ ግን የነጠላቸው ጫፍ ጣታቸው ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ የምወጣ?» አሉ። «እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁ። ጢሱ ነው የመጣብኝ። እሱ ይውጣ።»

«እትዬ፣ እልህ ሕይወት አይሆንም» አለ አያልነህ።

«ዳባት ወጥቼ ጥሩ አየር እየተነፈስሁ የእናንተ ልጆች ሲያስሉ በስልክ ልስማ? የሚያስል ሰው ሁሉ ወደ ደጋ ከወጣ እዚህ ‘ይበቃል’ የሚል ማን ይቀራል? አንተ?»

እህታቸው እየደወሉ ለመኗቸው። አልሄዱም። ጡረታ ከወጡ በኋላም ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ይቀመጡና ተማሪው ሲያልፍ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁት ነበር።

ከሁሉ በላይ የተሟገቱት ግን ከአያልነህ ጋር ነው። የእኛ አገር የማሳ እሳት በጋራ ነው የሚለቀቅ። ጎረቤታሞች ቀን ይቆርጣሉ፤ እሳቱ እንዳይሻገር ውሃና እርጥብ ቅርንጫፍ ይዘው ዳር ዳር ይቆማሉ። ክብሪቱን ግን ባለማሳው ራሱ ይጭራል። የአንዱን ማሳ ሌላ ሰው አይለኩስም፤ ጠላትነት ነው። እትዬ ትርንጎ ይህን ያውቃሉና ክርክራቸው ከጢሱ ጋር ሳይሆን ከሚጭረው እጅ ጋር ነበር። አያልነህ በየዓመቱ፣ «አላቃጥልም ብል ሰሊጡን የሚመጥ ትኋን ይፈላብኛል፤ አገዳውም ማረሻው ላይ ይጠመጠማል» ይላቸዋል። እሳቸው፣ «ከብት አስገባበት፣ የቀረውን በመጀመሪያው ዝናብ አገላብጠው፤ መሬትህም ይወፍራል» ይሉታል። እሱ፣ «የጎረቤቴ ማሳ እየነደደ የእኔ ብቻ ቢቀር ምን ይጠቅማል?» ይላል። እሳቸው፣ «ሁላችሁም ይህን ትላላችሁ። ለዚህ ነው ሁላችሁም የምታቃጥሉ» ይላሉ። ምሳ ቀርቦ ይቀዘቅዛል።

ከጎንደር በተመለስን ዓመት የማሳ እሳት ቀን ደረሰ። አያልነህ ወጥቶ አመሻሹ ላይ ተመለሰ። የማሳችን ግማሽ ሳይነድ ቀርቷል። እትዬ ትርንጎ ሰምተው በማግስቱ መጡ።

«ምን ሆነህ ነው ግማሹን የተውኸው?»

«ምንም አልሆንሁ። ክብሪቱ ረጥቦብኝ ነው።»

«በሚያዝያ ረጠበ?»

«ረጠበ።»

ነጠላቸውን ከጣታቸው ፈቱት። «ደህና ክብሪት ነው» አሉ። «ከዚያው ሱቅ ግዛ።»

ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እሱም አልተናገረም። ከዚያ ወዲህ ያን ግማሽ አልነካውም። ሌላውን ግማሽ ግን ያነድ ነበር። «ተሸነፍሁ እንዳይሉ ነው» ይለኝ ነበር።

አያልነህን ባለፈው መስከረም ወባ ወሰደብኝ። ስለዚያ ገና መጻፍ አልችልም። እትዬ ትርንጎ በየመንገዱ እየቆሙ፣ መድኃኒታቸውን እየነፉ፣ ለቅሶ ደረሱኝ። ሰው ሁሉ «እግዜር ያጽናሽ» ሲለኝ እሳቸው አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጡና፣ «ክርክራችንን ሳንጨርስ ጥሎኝ ሄደ» አሉ። «ልማዱ ነው። ሲሸነፍ ተነሥቶ ይወጣል።» በዚያ ሁሉ እንባ መካከል ሳቅሁ። ከዚያም ቀረብ ብለው፣ «ክብሪቱ እንግዲህ አንቺ ጋ ነው የቀረ» አሉኝ።

በመጋቢት ተኙ። መኪና ብንፈልግ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ። በመጨረሻው ጠዋት አልጋቸውን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁላቸው። ከውጭ ግራጫ ብቻ ነው።

«ዛሬ የምን ቀን ነው?» አሉኝ።

«የተራራ ቀን ነው፣ እትዬ።»

ዓይናቸውን ሳይገልጡ ፈገግ አሉ። «የጂኦግራፊ አስተማሪሽን ትዋሺያለሽ?»

ሚያዝያ ገባና ጎረቤቶች ለማሳው እሳት ቀን ቆረጡ። ደመቀ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም፣ ከሽንፋ መጣልኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ወንድሙን ተክቶ ሊረዳኝ ነው የመጣው። ማሳው ዳር ስንደርስ ሌሎቹ ጀምረው ነበር። በግራም በቀኝም እሳቱ ይንጫጫል፤ ጢሱ ከመሬት ተነሥቶ ሰማዩን ይዘጋል። ቅርንጫፍ የያዙት ሰዎች የእኔን ተራ ይጠብቃሉ።

«ዘንድሮ አይነድም» አልሁት። «ትራክተሩ ዳር ዳሩን አርሶ እሳቱን ይለይልኝ። የቀረውን ከብት ይብላው፤ ዝናብ ሲጥል አስገለብጠዋለሁ።»

«እታለም፣ ምን ነካሽ?» አለ ደመቀ። «የአገሩ ትኋን በሙሉ አንቺ ማሳ ላይ ይሰፍርብሻል። ልጆችሽን ምን ልታበዪ ነው?»

«ባለፈው ያልነደደውም ግማሽ አብልቶናል።»

«ይህ የወንድሜ ማሳ ነው። የአስተማሪ መጫወቻ አይደለም።»

«የወንድምህና የአስተማሪዋ ክርክር ነው። እኔ ነኝ የማስጨርሰው።»

ወደ ምሥራቅ በእጁ ጠቆመኝ። ተራራ የለም። ታንከር የለም። ወዲያ ያለው ዛፍ እንኳ የለም። «እይ» አለኝ። «አንቺ ስላላቃጠልሽ ምን ታየ?»

«ምንም አልታየም። ግን እዚህ ጢስ ውስጥ የእኔ የለበትም። ማዶ ያሉት ሲጠይቁኝም ይህንኑ እላቸዋለሁ።»

ሰዎቹ ወደ እኛ ማየት ጀመሩ። ደመቀ አፈረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በቃ፣ ጥቂቱን እንኳ ለኩሺው፣ ሰው ፊት ነን» አለኝና እጁን ዘረጋ። «ክብሪቱ የታለ?»

የአያልነህ ክብሪት በነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሮ ነበር። እግራችን ሥር መሬቱ ተሰነጣጥቋል። ዝናብ ከጣለ ወራት አልፈዋል።

«ረጥቧል» አልሁት።